ስለ ገበያ፥ ስለ ሱቅና ስለ ጓዳ ሸመታ

አማኑኤል በምሥራቅ ጐጃም የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው ታላቅ መንገድ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ባላገር ጤፉንና ስንዴውን፥ ገብሱንና ባቄላውን፥ ድንቹንም ከገዛ መሬቱ ያገኛል። ነገር ግን ጨውና ቡና፥ ዘይትና በርበሬ፥ ስኳርና ሳሙና ሲያሻው ወደ ነጋዴ እጅ መመልከቱ አይቀርም።

እነዚህን የሚገዛባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው፤ ይኸውም ሳምንታዊው ገበያ፥ የመንደሩ ሱቅና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መሸጫ ነው፤ ከነዚህም ያጣ እንደ ሆነ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይሄዳል። ሸማቹ ዕቃውን ራሱ ከመደርደሪያ አንሥቶ፥ የተጻፈውን ዋጋ አንብቦ የሚከፍልበት ሰፊ መደብር ባብዛኛው የአዲስ አበባና የታላላቅ ከተሞች ነገር ነው። ይህም የጐጃም ብቻ ጕዳይ አይደለም። በባለጸጋዪቱ በአሜሪካ እንኳ ሰሜን ዳኮታንና ሞንታናን በመሰሉ፥ ሰው ተራርቆ በሚኖርባቸው ግዛቶች ብዙ ባላገር ምግቡን ለመግዛት በመኪና ረዥም መንገድ ይጓዛል። ጥያቄው እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ ከቅርቡ አብልጦ ከፍሎ መግዛት ይሻላል፥ ወይስ ወደ ሩቁ ደክሞ ሄዶ በርካሽ?

መልሱ የሚገኘው በስሌት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሸቀጥ በመንደሩ ሱቅ ከከተማው ይልቅ በኪሎ 10 ብር ይብለጥ፤ የደርሶ መልስ መሳፈሪያውም 60 ብር ይሁን። ሁለት ኪሎ ሊገዛ የሄደ ሰው 20 ብር አተረፍሁ ሲል 40 ብር ከስሮ ይመለሳል። ዐሥር ኪሎ የሚገዛ ግን መሳፈሪያውን ከፍሎ 40 ብር ይተርፈዋል። ስለዚህ አምስት ጎረቤቶች ተማክረው ድርሻ ድርሻቸውን አዋጥተው አንድ ታማኝ ሰው ቢልኩ፥ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሊያገኙት የማይችሉትን ርካሽ ዋጋ ያገኛሉ። በእግሩ የሚሄድም ቢሆን የዋለበት ቀን ዋጋ አለው፤ በአጨዳ ወራት የባከነ ቀንና በበጋ የዋለ ቀን እኩል አይደሉም። ሆኖም ገበያ መግዣ ብቻ አይደለምና ይህን ስሌት ማክረር አይገባም። ዶሮና እንቁላል የሚሸጠው፥ ዘመድ የሚጠየቀው፥ የእህሉም ዋጋ የሚሰማው በዚያው ቀን ነው።

የመንደሩ ሱቅ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ዘይት በሲኒ፥ ስኳር በብርጭቆ፥ ሳሙናም ተቈርጦ ይሸጣል። በኪሎ ተሰልቶ ሲታይ እንዲህ የሚገዛ ሰው ከሁሉ ይልቅ ውድ ይከፍላል፤ ሆኖም በእጁ ያለው ገንዘብ ያን ያህል ብቻ የሆነውን ድኻ ስለ ምን በብዛት አትገዛም ብሎ መገሠጽ ከንቱ ነው። ባለሱቁም ከከተማ አምጥቶ፥ ጥቂት በጥቂት እየሸረፈ፥ የቀረበትንም ተሸክሞ የሚኖር ነውና ትርፉን ሁሉ በደል ነው ማለት አይቻልም። ጥንቃቄ የሚያሻው ዱቤው ነው። በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የመጠበቂያውን ዋጋ በዕቃው ላይ አስቀድሞ ይጨምራል፤ ገዢውም ዕዳውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሱቅ ለመሄድ ያፍራል። ሒሳቡ በሁለት ደብተር ቢጻፍ፥ አንዱም በገዢው ቤት ቢቀመጥ፥ ማንበብ የሚችል ልጅ ለወላጆቹ ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል።

በገበያ የሚታየው ሸቀጥ ሁሉ በሚዛን አይሸጥም። አባቶች በቁና ይሰፍሩ ነበር፤ የቁናውም መጠን ከአገር አገር ይለያይ ነበርና እንግዳ ሰው ይታለልበት ነበር። ዛሬ በብዙ ስፍራ ጣሳና ኩባያ ተተክተዋል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። አንዱ ሻጭ አናቱን ቈልሎ ይሰፍራል፤ ሌላው በእጁ ጠርጎ አፍ ለአፍ ያደርገዋል። መቀመጫው ወደ ውስጥ የተመታ ጣሳ ሞልቶ ሳለ ጐዶሎ ነው። ባቄላ በፍሬና በፍሬ መካከል ባዶ ስፍራ ይተዋል፤ ጤፍ ግን ይጠቀጠቃል፤ ስለዚህ የአንዱ ጣሳ ክብደት ለሌላው አይሆንም። 800 ግራም የሚይዝ ጣሳ በ60 ብር ሲሸጥ አንዱ ኪሎ 75 ብር መሆኑ ነው፤ ሙሉ ኪሎ የሚይዘው በ70 ብር ሲጠራ ውድ ይመስላል እንጂ የሚረክሰው እርሱ ነው።

ይህን በትምህርት ቤት ለማሳየት ሚዛን አያስፈልግም። መምህሩ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይዞ፥ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ባመጧቸው ጣሳዎች ውሃ እያስሞላ ቢለካ፥ አንድ ጣሳ ተብለው የሚጠሩት ዕቃዎች በመጠን ምን ያህል እንደሚራራቁ ሁሉም በዐይኑ ያያል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና ከዚሁ ጋራ ስለ ክብደት ማስተማር ይቻላል።

ከስፍራና ከመስፈሪያ ሌላ ወራቱም ዋጋን ይለውጣል። ቅቤ በዐቢይ ጾም ፈላጊው ያንሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ከዶሮና ከእንቁላል ጋራ ይወደዳል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የእህል ነገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ሲገባ ሁሉም ግብሩንና ዕዳውን ለመክፈል በአንድነት ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጐተራው ሲጐድል ይወጣል። በታኅሣሥ የሸጠውን እህል በነሐሴ መልሶ የሚገዛ ቤተ ሰብ የደከመበትን ትርፍ ለሌላ ሰጥቷል። ገንዘብ ያስቸገረው ገበሬ ነቀዝ ቶሎ የሚደፍረውን በቆሎን አስቀድሞ ሸጦ፥ ነቀዝ የማይጐዳውን ጤፍን ቢያቈይ ይሻለዋል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢትም በቆሎውን ያለ መድኃኒት ሊያቈይ ይችላል።

ስለ ማኅበሩ ሱቅ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ብዙ ነገር አለ። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተቈረጠ ዋጋ እህል ይወስድ ነበር፤ ጐጃምም ይህን ሸክም ከተሸከሙት አገሮች አንዱ ነበር። ኮታው በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ቀረ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐዋጅ ማኅበሩን አባላቱ በፈቃዳቸው የሚገቡበትና የሚያዙበት አድርጎ አቋቋመው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አድርጎ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቈይቶ ሲያነሣው ስኳርና ዘይት ተለይተው ቀሩ፤ እነርሱም በሸማቾች ማኅበራት በኩል በተወሰነ ዋጋ ይታደሉ ነበር። የማኅበሩ ዋጋ ቢረክስም ዕቃው ባልመጣበት ሳምንት አይጠቅምምና፥ ከሱቁና ከገበያው ጋራ አብሮ የሚታይ እንጂ ብቻውን የሚታመኑበት አይደለም።

ከሚገዛው ሁሉ በገንዘብ ጥቂት፥ በጕዳት ግን ታላቅ የሆነው ጨው ነው። የጐጃም ሰው የጨውን ዋጋ ጥንት ያውቃል። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቈርጦ፥ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፥ በአህያና በበቅሎ እየተጫነ ጐጃም ይደርስ ነበር፤ መንገዱ በረዘመ ቍጥርም ይወደድ ነበርና እንደ ገንዘብ ይቈጠር ነበር። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ ባለው በባሶ ገበያ ጨውን የያዘ ነጋዴ ከዓባይ ማዶ ከመጣው ቡናና ወርቅ ጋራ ይለውጥ ነበር፤ በ1842 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በዚያ አገር ሳለ ይህን ንግድ ጽፎታል።

ዛሬ ጨው እንደ ጥንቱ ውድ አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉም ጨው አንድ አይደለም። አዮዲን የሚባለው ቅመም በደጋው አፈር ውስጥ ጥቂት ነው፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዝናብና ጐርፍ አጥቦታል። እርሱ ሲጐድል እንቅርት ይወጣል። እንቅርቱ በዐይን ይታያል፤ የማይታየው ግን ይብሳል። ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን ያጣች እንደ ሆነ የሕፃኑ አእምሮ በማሕፀን ሳለ ይጐዳል፤ ከተወለደም በኋላ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ትምህርትም ይከብደዋል። ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚያሻው አዮዲን ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማግኘቱ ግን ግድ ነው። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጣ። የአገሩ ጨው ባብዛኛው የሚመጣው በአፋር ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው።

እንግዲህ በገበያ መሬት ላይ በጆንያ ተዘርግቶ ፀሐይና ርጥበት የሚመታው ጨው፥ አዮዲን ተጨምሮበት ቢሆን እንኳ ብዙውን አጥቶ ሊሆን ይችላል። አሞሌና ያልተጣራ ጨው ለከብት መልካም ነው፤ ለወጥ ግን አዮዲን እንዳለው የተጻፈበት፥ ያልተቀደደ እሽግ ይፈለጋል። የዋጋው ልዩነት ለአንድ ወር ሲከፋፈል እጅግ ጥቂት ነው። በቤትም ጨው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ተደርጎ ከምድጃው ጭስና ከእንፋሎት ርቆ ይቀመጣል፤ በወጡ ውስጥም የሚጨመረው ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲቃረብ ነው።