እማሆይ ጽጌ ማርያምና የዜማ ሀብታቸው

ከላስታ በስተ ደቡብ፥ በአምባሰል አገር፥ ግሸን የሚባል አምባ አለ። የአምባው ራስ የመስቀል ቅርጽ አለው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሰው ከሩቅም ከቅርብም ዳገቱን እየወጣ በዓሉን ያከብራል። ከብዙ ዘመን በፊት ወደዚህ አምባ አንዲት ወጣት ወጣች። እጆችዋ በአውሮፓ የዜማ ዕቃ የሠለጠኑ ነበሩ፤ ልብዋ ግን በኀዘን ተሰብሮ ነበር። ስለ ምን እንዳዘነች፥ ኀዘንዋም ወደ ምን እንደ ተለወጠ ማወቅ ለተማሪ ሁሉ ይጠቅማል።

ይህች ወጣት የውብዳር ገብሩ ትባል ነበር። በ1916 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ ተወለደች። አባትዋ ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተማሩና የታወቁ ሰው ነበሩ። ስድስት ዓመት ሲሆናት ከእኅትዋ ከስንዱ ጋራ ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ተላከች፤ በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። ቫዮሊን እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ነው፤ ነገር ግን ማሲንቆ አንድ ጅማት ሲኖረው ቫዮሊን አራት አለው። ፒያኖ ደግሞ ትልቅ ዕቃ ነው፤ ጣት ቁልፎቹን ሲጫን ትንንሽ መዶሻዎች በውስጡ የተወጠሩትን የብረት ጅማቶች እየመቱ ድምፅ ያሰማሉ።

ጣልያን ኢትዮጵያን በያዘ ጊዜ፥ በ1929 ዓ.ም.፥ የውብዳር ከቤተ ሰብዋ ጋራ አዚናራ ወደምትባል የጣልያን ደሴት ተጋዘች። አገርዋ ነጻ ከወጣች በኋላ ግን ትምህርትዋን አልተወችም። ወደ ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ተወላጅ መምህር ዘንድ ተማረች፤ በየቀኑም ዘጠኝ ሰዓት ያህል ትለማመድ ነበር። የአገሩ ሙቀት ጤናዋን ስለ ጎዳው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ከዚያም በሎንዶን ለመማር ዕድል አገኘች፤ ነገር ግን ለመሄድ ፈቃድ ተከለከለች። ብዙ ዓመት የደከመችበት ነገር በአንድ ቃል ቀረ። ከኀዘንዋ ብዛት የተነሣ እህል አልቀምስ ብላ ለሞት ተቃረበች።

ከሕመምዋ በተነሣች ጊዜ ዓለምን ትታ ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ሄደች። በዚያም መነኰሰች፤ ስምዋም ጽጌ ማርያም ተባለ። በአምባው ላይ ፒያኖ አልነበረም። እማሆይ ጽጌ ማርያም በባዶ እግራቸው እየሄዱ፥ በጭቃ ቤት እያደሩ፥ በጸሎትና በሥራ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ።

ከግሸን ከወረዱ በኋላ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ወደ ጎንደር ሄዱ። በዚያም የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የላሊበላ ልጅ እነዚህን ተማሪዎች ያውቃቸዋል፤ ደበሎ ለብሰው፥ አኮፋዳ ይዘው፥ በየደጁ እየለመኑ ይማራሉ። እማሆይ እነዚያ ልጆች በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በብርድ ሲተኙ ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነካ። የሚሰጡት ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ያን ጊዜ በእጃቸው ያለውን ሀብት አሰቡ፤ እርሱም ዜማ ነው። እንደ ገና በፒያኖ ፊት ተቀመጡ። የአውሮፓን ትምህርትና የአገራቸውን ቅኝት አስማምተው የደረሱት ዜማ በ1960ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በጀርመን አገር በሸክላ ተቀረጸ፤ ከሽያጩም የሚገኘው ገንዘብ ለድኾች እንዲሆን አደረጉ።

በ1977 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀመጡ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ሥራቸው በፈረንሳይ አገር እንደ ገና ታትሞ ስማቸው በዓለም ታወቀ። ከመሄዳቸው በፊት በአዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው በገዛ ድምፃቸው የዘመሩት የአገር ናፍቆት መዝሙርም በካሴት ተቀድቶ ኖሮ በ2016 ዓ.ም. ወጣ። እርሳቸው ግን ይህን አላዩም፤ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። እማሆይ የሎንዶንን ትምህርት እስከ መጨረሻው አላገኙም፤ የተከለከሉት ነገር እንደ ተከለከለ ቀረ። ኀዘናቸውም ከንቱ ኀዘን አልነበረም። ነገር ግን ምንጭ አንዱ መውጫው ቢደፈንበት በዓለቱ ውስጥ ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ ይወጣል። በወጣትነታቸው፥ «በዚህ ሀብት ወዴት እደርሳለሁ?» ያሉ ያህል ነበር፤ በጎንደር ግን፥ «በዚህ ሀብት ማንን እረዳለሁ?» ያሉ ያህል ሆነ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሌላ ሰው ሊከለክል ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን የሚከለክል የለም። አንተም ማንበብ ብታውቅ ለማያውቅ ጎረቤትህ አንብብለት፤ ድምፅህ ቢያምር ያዘነውን አጽናናበት። ለሌላ ሰው የዋለ ሀብት ትንሽ ቢሆንም አይጠፋም።