ከብርድ ልብሱ በኋላስ?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ምሽት፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶና በኮልፌ ቀራንዮ አዋሳኝ ያለው የ«ቆሼ» ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ቤታቸውን ያጡት ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ገቡ። ሕዝቡም ምግብና ልብስ ይዞ ደረሰላቸው።

ውድ አንባብያን! ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ግን በዚህ አያበቃም። ስፊር የተሰኘው ዓለም አቀፍ መመዘኛ በመጠለያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ቦታ፣ በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰዎችም አንድ መጸዳጃ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህ ሲጓደል ሕፃናት በተቅማጥ ይታመማሉ፤ እናቶች ልብስ የሚቀይሩበት መጋረጃ፣ አባቶች ውዱእ የሚያደርጉበት ውኃ ያጣሉ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ለተፈናቀሉ ወገኖች ሰደቃ ስንሰበስብ «ውኃው ይበቃል ወይ? የሴቶቹ መጸዳጃ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ?» ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። የተቸገረን ሰው ከብርዱ ስንከልል ክብሩንም እንጠብቅለት።