መኝታ ቤት ካስቀመጣችሁት አበባና ከማንደጃው፣ የሚያስፈራው የቱ ነው?



ሰሞኑን አንዲት እህት በኢንቦክስ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ መኝታ ቤቴ ሁለት አበባ ተክዬ ነበር። አማቴ መጥተው "ማታ ማታ ኦክሲጅን እየተሻማሽ ነው፣ ይገድልሻል" ብለው በረንዳ አወጡብኝ። እውነት ነው?» ፈገግ ብዬ ልመልስላት ስል መጨረሻው ላይ ይህንን አየሁ፦ «አበባው ከሌለ ደግሞ ክፍሉ ባዶ ነው። ለብርዱ የቡናውን ፍም አስገብተን ነው የምንተኛው፣ ጭስ ስለሌለው ችግር የለውም።»

ፈገግታዬ እዛው ጠፋ። ለእሷ ወዲያው መልሼላታለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ክረምት ሲመጣ ብዙ ቤት እንደዚህ ስለሚደረግ ነው።

መጀመሪያ ከአማቷ ልጀምር፣ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቅጠል ቀን ላይ የፀሐይ ብርሃን፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ ወስዶ ስኳር ይሠራል፤ ኦክሲጅን ይለቃል። ትምህርት ቤት ፎቶሲንተሲስ ብለን የሸመደድነው ይኼ ነው። የምንረሳው ግን ተክሉም ሕይወት ያለው መሆኑን ነው። የሠራውን ስኳር ራሱም ይበላዋል፦ በኦክሲጅን ሰባብሮ ጉልበቱን ያወጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ይህን ቀንም ሌሊትም ያደርገዋል። ቀን ላይ የሚሠራው ከሚያቃጥለው ስለሚበልጥ አይታወቅም፤ ሲጨልም ግን ሥራው ቆሞ መተንፈሱ ብቻ ይቀራል።

ይህንን በሙከራ ያሳየው ያን ኢንገንሃውስ የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1779። ቅጠሎችን ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው አረፋ ሲያወጡ፣ ጨለማ ውስጥ ግን ሲያቆሙ አየ። የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ ተክል አየርን በፀሐይ ያጠራል፣ በሌሊት ይጎዳል የሚል ነው። ስለዚህ የአማቷ ስጋት ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው!

ጥያቄው ግን ምን ያህል የሚለው ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30,000 ሊትር አየር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ ኦክሲጅኑ 6,300 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ሩብ ሊትር አካባቢ ይጠቀማል፤ በ8 ሰዓት እንቅልፍ 120 ሊትር ማለት ነው። ሁለት ትንንሽ አበባዎች ሌሊቱን ሙሉ ቢተነፍሱ አንድ ሊትር እንኳ አይሞሉም። አጠገቧ የተኛው ባሏ ከአበባው ከመቶ እጥፍ በላይ ይሻማታል፣ እሱን ግን ማንም በረንዳ አላወጣውም። (አስም ወይም አለርጂ ካለባችሁ ጠንካራ ሽታ ያለውን አበባና የሻገተ አፈር አርቁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

አሁን ወደ ፍሙ። ከሰል ማለት ዛፉ ከፀሐይ የሰበሰበው ጉልበት ነው። እኛ ሰውነት ውስጥ፣ ሚቶኮንድሪያ በሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች፣ ከምግብ ያገኘነውን ስኳር በኦክሲጅን ቀስ በቀስ እናቃጥላለን። ማንደጃው ላይም ኦክሲጅን ነው የሚያቃጥለው፣ ልዩነቱ በአንዴ በሙቀት መውጣቱ ነው። ችግሩ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝም ይለቃል፤ አየር ሲያጥረው ደግሞ ይብሳል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። ጭሱ ያለቀለት ቀይ ፍም ሰው «አሁን ጠርቷል» ብሎ የሚያስገባው ነው፤ ጋዙን የሚያመርተውም እሱ ነው። በር ተዘግቶ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ ሲሆን አስቡት።

ደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ እሱ ላይ የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። የያዘውን ትንሽ ኦክሲጅንም በቀላሉ እንዳይለቅ ያደርገዋል። ሕዋሶቻችን ስኳሩ እያለ የሚያቃጥሉበት ያጣሉ። ቀድመው የሚጎዱት አንጎልና ልብ ናቸው፤ አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክሲጅን 20 በመቶውን ይወስዳል።

አንድ የክረምት ሌሊት ተረኛ ሆኜ እናትና ሁለት ልጆች መጡ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ትውከት። እኔም እንደ ቤተሰቡ እራት ላይ የበሉትን ነበር የጠረጠርኩት። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ 98 አለኝ። ይህ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከጤነኛው አይለይም፣ ያኔ ግን ትዝ አላለኝም። «ከሰል አስገብተን ነበር» ያለችኝ ትንሿ ልጅ ናት። እኔ አልጠየቅኩም ነበር፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስለዚህ አንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ከሰሉን ጠርጥሩ። በተለይ አራስ ቤትን! እናትየው እንዳይበርዳት ብለን ዘግተን ፍም የምናስገባበት ክፍል ውስጥ ጨቅላም አለ። ለነፍሰ ጡርም ከእሷ ይልቅ ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡት፣ 907 ደውሉ ወይም ያገኛችሁት መኪና ላይ ጫኑት። ወተት አታጠጡ። ጋዙ ደም ውስጥ እንጂ ሆድ ውስጥ አይደለም፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ በማስክ የሚሰጥ ኦክሲጅን ነው፦ በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅ፣ በኦክሲጅን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ከሰል ነበር» በሉት። ከተሻላችሁ በኋላም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የመርሳት፣ የባሕርይ ለውጥ ወይም ሲራመዱ የመንገዳገድ ችግር ከመጣ ተመልሳችሁ ታዩ።