ከድልድሉ በኋላ የተወለዱት

በ1989 ዓ.ም. የበጋ ወራት በጎጃምና በሰሜን ሸዋ ቀበሌዎች ኮሚቴ ገመድ ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞር ነበር። የአማራ ክልል ምክር ቤት ያወጣው የመሬት ድልድል አዋጅ ሥራ ላይ እየዋለ ነው። ትርፍ አለው ከተባለው ይቀነሳል፤ የሌለው ተመዝግቦ ይደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ይህን ያህል ሰፊ ድልድል አልተደረገም። ያኔ እናቱ ጀርባ ላይ የነበረ ሕፃን ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የራሴ የሚለው አንድ ጥማድ እንኳ የሌለው ግን ብዙ ነው። ስለ መሬት ክፍፍል ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በስፋቱና በለምነቱ ላይ ይሆናል። ለእኔ ግን የነገሩ ቋጠሮ ያለው በስም ዝርዝሩ ላይ ነው፦ ማን ተመዘገበ? መዝገቡስ የተዘጋው መቼ ነው?

ከአብዮቱ በፊት የሰሜኑ ገበሬ ድርሻውን የሚያሰላው በሞቱ ሰዎች ነበር። ርስት ከዋናው አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው ይጀምራል። ልጆቹ ምንዝር አባት ይባላሉ፤ መሬቱም በእነርሱ ቁጥር ልክ እኩል ይከፈላል። አራት ከሆኑ አራት ቦታ። እስከዚህ ድረስ ማንም ቅር የሚሰኝበት አይደለም። ዘመን ሲያልፍ ግን የአንዱ ምንዝር አባት ዘር አምስት ቤት ይሆናል፤ የሌላው ሰማንያ። አምስቱም ሰማንያውም የሚካፈሉት ያችኑ ሩብ ነው። በዚያ ላይ ርስት በእናትም በአባትም ስለሚጠየቅ፣ አንድ ሰው በአምስት በስድስት ቦታ ይገባኛል ሊል ይችላል። ይህን መብት ማሳ ላይ የሚያደርሰው ግን ትውልዱን አጥርቶ የሚቆጥርለት ሽማግሌ፣ ዳኛ ፊት የማይረታ አንደበትና አብሮት የሚቆም ዘመድ ያለው ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ ጎጃም ዳሞት ተቀምጦ ያየውም ይህንኑ ነበር፤ መብቱ ሰፊ፣ መሬቱ ግን ተሟጋቹ ዘንድ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ይህን አቆጣጠር ሻረው። የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ ቀረ። በደቡብ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ እጅ አወጣው። በሰሜኑ የርስት አገር ግን አዋጁ ራሱ ገበሬው እያረሰ ባለው መሬት ይቀጥል ስላለ ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የተለወጠው። ማከፋፈሉ ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ፤ መለኪያውም የቤተሰብ ብዛት ሆነ። ሙታኑ ቀርተው የሚበላ አፍ ተቆጠረ። ይህን ትልቅ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም አፍ ይጨምራል፤ መሬቱ ያው ነው። በአፍ የሚያከፋፍል ሥርዓት ደግሞ ቆጠራውን በየጊዜው ማደስ አለበት፤ ያቆመ ዕለት መለኪያውን ራሱ ትቷል።

ክፍፍሉ መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሜዳው ላይ ዋልካ አለ፤ ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር፤ ከዚያ በላይ ጭንጫ። ለአንዱ ዋልካውን ለሌላው ጭንጫውን መስጠት ግፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ይለካል፣ ይከፈላል፣ ዕጣ ይጣልበታል፤ ሁሉም ከሁሉም ይደርሰዋል። ከዚህ የተሻለ እኩልነት ማሰብ ያስቸግራል። ዕጣው ሲያልቅ ግን የአንድ ሰው ድርሻ አራት አምስት ቦታ ተበትኖ ይገኛል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ሩብ ሄክታር ገደማ። ማረሻ ደግሞ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በቁመት የታረሰው ቀጥሎ በአግድም መታረስ አለበት። ማሳው እንደ መቀነት ከቀጠነ፣ በአግድሙ በሬዎቹ ገና ጥቂት ሳይራመዱ መዞር ይኖርባቸዋል፤ ሲዞሩም የጎረቤቱን ጤፍ ይረግጣሉ። ወሰኑ ዘንድሮ በአንድ ትልም ይገፋል፤ ለከርሞ በሌላ ትልም። ከዚህ የተነሳው ጠብ ደም አቃብቷል።

የ1989ኙ ድልድል ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ማካፈልን ከቅጣት ጋር ቀላቀለ። ተራው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር፣ 12 ጥማድ ማለት ነው፣ እንዲይዝ ሲፈቀድለት፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹመት የነበረው «ቢሮክራሲ»፣ በንጉሡ ጊዜ የተሾመው «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብሎ ከ1 ሄክታር እንዳያልፍ ተደረገ። ከእነዚህ ውስጥ በሥልጣኑ ሰው የበደለ፣ ለሙን መሬት ለወገኑ ያዞረ አልነበረም አልልም። ነገር ግን በኮሚቴ አባልነት ያገለገለውም ከዋናው በዳይ ጋር በአንድ ስም ተጠራ። ጥፋቱን ፍርድ ቤት መርምሮት ቢሆን ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ይሆን ነበር። ገመድ ሲፈርድ ግን አባት ባጠፋው ልጅም ይራባል። ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ፣ ታሰሩ።

በዚያው ድልድል ባል የሌላቸው ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ማግኘታቸውንም መናገር ያስፈልጋል። ከባሏ የተፋታች ሴት ከዚያ በፊት ወይ ወደ ወንድሟ ቤት ትገባለች፣ ወይ ከተማ ወርዳ ጠላ ትጠምቃለች። ማሳ ሲኖራት ግን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቷን ግማሽ ወደ ጎተራዋ ታስገባለች። ድልድሉን ከነጭራሹ የሚያወግዙ ሰዎች ይህን ሲዘሉት ያሳዝነኛል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያድል ጀመር። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል፤ የየማሳው አዋሳኝ በአራቱም አቅጣጫ ይጻፍበታል። ነገ ይወሰድብኛል የሚለው ስጋት ስለቀለለ ሰው እርከን ለመሥራት፣ ዛፍ ለመትከል እጁ አላመነታም። በዚያው ልክ የ1989ኙ የስም ዝርዝር በማኅተም ጸና። የክልሉ የ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133 በአንድ ቀበሌ ዳግም ድልድል እንዲደረግ ከባለይዞታዎቹ 80 በመቶው መጠየቅ አለባቸው ይል ነበር። የሚጠይቁት ባለይዞታዎች ነበሩ። መሬት የሌለው ወጣት እጁን የሚያወጣበት ስብሰባ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 40 ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘት መብት አለው ብሏል። በ1987 ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ነበር፤ በ1999 ከ17 ሚሊዮን አለፈ፤ ከዚያ በኋላ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም። መብቱ በጽሑፍ እንዳለ ነው፤ ባለመብቱ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ይህ ወጣት እስከዚያው የአባቱን ሁለት ጥማድ ከወንድሞቹ ጋር ይጠብቃል፤ የአሮጊት ጎረቤቱን ማሳ በእኩል ያርሳል፤ ሰሊጥ ሲደርስ ሁመራና መተማ ይወርዳል። የባሰበት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ይገባል። አንዳንዱ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ የወል መሬት ይሰጠዋል፤ ያ ደግሞ የመንደሩ ከብት የሚሰማራበት ነበርና ከእረኛው ጋር ያጣላዋል።

እንደገና ገመድ ይዘርጋ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከአንድ ሄክታር በታች የሚያርስን ገበሬ ማሳ ለሁለት መክፈል ሁለት ድሃ መፍጠር ነው፤ ደብተሩ የሰጠውን እምነትም ያፈርሳል። ነገር ግን የተዘጋው መዝገብ እንደተዘጋ ይቆይ ማለትም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል፤ ደግ ነው፤ ይህም በር ግን የሚከፈተው ደብተር ላለው ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ መሬት የሌላቸውን በስም መዝግቦ ዝርዝሩን በየዓመቱ ማደስ አለበት፤ የወል መሬት ሲከፈልም ሆነ ወራሽ ያጣ ማሳ ሲገኝ እነዚህ ሰዎች ስብሰባው ላይ ድምፅ ይኑራቸው። የፌዴራሉ የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 456 በመስኖ መሬት ላይ ድልድልን ፈቅዶ ነበር። 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታቅዶ መርዓዊ አጠገብ እንደተሠራው እንደ ቆጋ ያለ መስኖ የዝናብን ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያፈራ ያደርገዋል፤ እዚያ አንድ ጥማድ ሌላ ቦታ ሁለት ጥማድ ነው። ውሃው በመንግሥት ገንዘብ የመጣ ስለሆነ፣ ከሚያስገኘው ትርፍ የተወሰነው ከድልድሉ በኋላ ለተወለዱት እንዲመደብ መጠየቅ የማንንም ማሳ አይቀንስም። ቀጣዩ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ይህ በሕግ ይጻፍ።