ጆሮ ጠቢ በሶማሊኛ

ፍርድ ቤት ሳስተረጉም የሕግ ቃል እምብዛም አያስጨንቀኝም፤ አቻው ተለይቶ የታወቀ ነው። የሚያስጨንቀኝ ስድብ ነው።

ጅጅጋ ውስጥ ሁለት ነጋዴ ሴቶች ተካሰው ቀረቡ። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ የተጫነ የአንዷ ቦንዳ ልብስ ኬላ ላይ ተይዞባታል። በማግስቱ ገበያ መሃል ጎረቤቷን «አንቺ ጆሮ ጠቢ!» አለቻት። ምስክሩ የሚናገረው በአማርኛ፣ ችሎቱ የሚሰማው በሶማሊኛ ነው። አፌ ላይ የመጣው «ጃጁስ» ነበርና እሱኑ አልኩ። ከኋላ መቁጠሪያ የያዙ አንድ ሽማግሌ ጣታቸው ቀጥ አለ።

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። ጃጁስ ለጠላት ያደረ ሰላይ ነው። ጅጅጋ ደግሞ በ1970 ዓ.ም. መስከረም በሶማሊያ ጦር ተይዛ፣ የካቲት 26 የካራማራ ድል እስኪሆን ሁለት ጦር የተፈራረቀባት ከተማ ናት። ኋላም በኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ደጋፊነት የተጠረጠሩ ሰዎች ያለ ፍርድ የታጎሩበት ጄል ኦጋዴን እስከ 2018 እ.ኤ.አ. እዚሁ ነበር። እዚህ ያ ቃል ሰው ያስበላል።

ጆሮ ጠቢ እርግጥ ለመንግሥት ሰላይም ይባላል። ግን የቢሮ አሳባቂውም፣ የቀበሌ ወሬ አቀባዩም ያው ጆሮ ጠቢ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ጥጃ ጡት ላይ እንደሚጣበቅ ባለሥልጣን ጆሮ ላይ ተጣብቆ የሚያድር ሰው ነው። ሶማሊኛ ጆሮን «ዼግ»፣ መጥባትን «ኑግ» ይላል፤ ሁለቱን ብንገጥማቸው ግን ስድቡ አይወጣም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስድብ አንቀጽ 615 ላይ ነው፣ ስለላ አንቀጽ 252 ላይ። እኔ በአንድ ቃል ነገሩን ከአንዱ ወደ ሌላው አሻግሬው ነበር።

ደግሞም ጉምሩክ ለጥቆማ ወሮታ ይከፍላል። በሕጉ «ጠቋሚ» የተባለው ሰው ነው በውጫሌ መንገድ ጆሮ ጠቢ የሚባለው።

ዳኛውን አስፈቅጄ አረምኩ፦ «ወሬ ሰምታ ለኬላ ሰዎች አደረሰች ማለቷ ነው፤ ለጠላት አገር ሰለለች ማለቷ አይደለም።» ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቃል ሰረዘ።

ተከሳሿ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ወንድሜ፣ ምን ብለሃቸው ነው ዝም ያሉት?»

የመጀመሪያውንም የኋለኛውንም ነገርኳት። በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ኧረ በአላህ! እንዲያስ አላልኳትም» አለች፣ ጎረቤቷን እያየች።