የብራና ጥንካሬ በናኖሜትር ደረጃ

ብራና ከእንስሳ ቆዳ፣ በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ ከፍየል ቆዳ፣ የሚዘጋጅ መጻፊያ ነው። በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ የተፈጥሮ ፖሊመር ነው፤ ዋናው ክፍሉ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው አንድ የኮላጅን ሞለኪውል ይሆናሉ፤ ብዙ ሞለኪውሎች ተደርድረው ደግሞ ቀጭን ክር ይሠራሉ። በጤነኛ ክር ላይ በየ67 ናኖሜትሩ ገደማ የሚደጋገም መስመር ይታያል። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ለምን ይለካል?

ዓፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ አሰብስበው ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው 350 ያህሉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ አድባራትም ብዙ ቀርተዋል። ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ኮላጅን ቀስ በቀስ ወደ ጀላቲን ይለወጣል፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ዓይን ሳያየው ከክሩ ነው። በተለመደው ሙከራ ቁራጭ ቆርጦ እስኪበጠስ መጎተት ያስፈልጋል፤ ይህን በጥንታዊ መጽሐፍ ላይ ማን ይፈቅዳል? ለናኖ ልኬት ግን ከጠርዝ የረገፈ ፍርፋሪ ይበቃል።

አለካኩ

መሣሪያው አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ይባላል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ጌርድ ቢኒግ፣ ካልቪን ኩዌትና ክሪስቶፍ ገርበር ይፋ አደረጉት። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘች ስስ ዘንግ ጫፏ ላይ ሹል መርፌ አላት። መርፌዋ ብራናውን ስትጫን ዘንጓ ትጎብጣለች፤ ጉብጠቷን ሌዘር ያነባል። የዘንጓ የስፕሪንግ ቁጥር በሜትር 40 ኒውተን ቢሆንና 10 ናኖሜትር ብትጎብጥ ኃይሉ 400 ናኖኒውተን ነው። መሣሪያው የወረደው 15 ናኖሜትር ከሆነ መርፌዋ 5 ናኖሜትር ሰርጋለች ማለት ነው። የመርፌዋ ጫፍ ሬዲየስ 10 ናኖሜትር ሲሆን፣ በሄርትዝ ቀመር ግትርነቱ ወደ 8 ጊጋፓስካል ይሆናል (ብረት 200 ያህል ነው)።

ስህተት የሚገባበት

አስቸጋሪው ነገር ሜካኒክሱ ሳይሆን ስሌቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፕሮግራሙ መርፌዋ መጀመሪያ የነካችበትን ነጥብ በሺህ በሚቆጠሩ ግራፎች ላይ መለየት አለበት። በላይኛው ምሳሌ ነጥቡ በ1 ናኖሜትር ቢሳሳትና ጥልቀቱ 5 መሆኑ ቀርቶ 4 ቢባል፣ ግትርነቱ 40 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። በፍጥነት የተጫነ ፖሊመርም ከልኩ በላይ የጠነከረ ይመስላል። እርጥብ ኮላጅን ከደረቁ እጅግ የለሰለሰ ስለሆነ የክፍሉ እርጥበት ያልተመዘገበበት ቁጥር ብዙም አይጠቅምም።

የአዘገጃጀት ልዩነትም አለ። የአገራችን ብራና ፋቂ ቆዳውን በውኃ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ወጥሮ ይፍቀዋል፤ በአውሮፓ ግን ቆዳው በኖራ ውኃ ይቆያል። ስለዚህ ከአውሮፓ ብራና የተገኘ ቁጥር ለጎንደር ብራና እንዳለ አይወሰድም። የተሻለው ማነጻጸሪያ በአገሩ ዘዴ የተፋቀ አዲስ ብራና ነው።