በደቦ የሚሠራ ሶፍትዌር፦ አዲስ በጎ ፈቃደኛን እንዴት እንቀበል?

በሶዌቶ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ከአገር ቤት አዲስ ልጅ ሲመጣላቸው በመጀመሪያው ቀን የገንዘብ መሳቢያውን አያስረክቡትም። መደርደሪያ ያስደረድሩታል፣ ዋጋ ያስጠኑታል፣ ደንበኛ በዙሉኛ ሲጠይቀው ምን እንደሚመልስ ያሳዩታል። ውሎ አድሮ ሱቁን ብቻውን ይከፍታል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከሱቅ የራቀ ቢመስልም ምሥጢሩ ያው ነው።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው፣ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነና ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው የተፈቀደ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው እንደ ደቦ ተረዳድቶ ይሠራዋል። የሱቅ ሂሳብ ለመያዝ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ አንዱ ነው፤ ያለ ክፍያ ይገኛል፣ በአማርኛም ተተርጉሟል።

ደቡብ አፍሪካ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ድዌይን ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ2001 የመሠረተው ትራንስሌት ዶት ኦርግ ዶት ዜድኤ የተባለ ድርጅት ፕሮግራሞችን ወደ አገሪቱ ቋንቋዎች ለመተርጎም ተነሥቶ ነበር። ከዚሁ ሥራ የወጣውን ፑትል የተባለ የመተርጎሚያ መሣሪያ ሊብሬኦፊስም ለዓመታት ተጠቅሞበታል። የግዕዝ ፊደል በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ስለተመዘገበ በአማርኛ ለመሥራት መንገዱ ተጠርጓል። ይሁንና እያንዳንዱ አዲስ እትም አዲስ ጽሑፍ ስለሚጨምር ትርጉም አያልቅም። ተርጓሚ ከጠፋ ፕሮግራሙ ቀስ በቀስ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆናል።

ስለዚህ ሥራውን የጀመራችሁ አዲስ ሰው ሲመጣ የሚከተለውን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ትንሽ ሥራ ስጡት። "እዚያ ብዙ ሥራ አለ፣ የፈለግኸውን ውሰድ" የተባለ ሰው ምኑን እንደሚይዝ ግራ ገብቶት ይቀራል። ሃያ የማውጫ ቃላት ለይታችሁ ብትሰጡት ግን በአንድ ምሽት ጨርሶ ውጤቱን ያያል።

ሁለተኛ፣ የቃላት መዝገብ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አንዱ "አስቀምጥ"፣ ሌላው "አስቀምጡ"፣ ሦስተኛው "ማስቀመጫ" ቢል ተጠቃሚው ይደናገራል። በተለይ አማርኛ ወንድና ሴት ስለሚለይ፣ ፕሮግራሙ ሰውን እንዴት እንደሚጠራ ቀድሞ መወሰን አለበት።

ሦስተኛ፣ ኑሮውን አስቡ። ብዙዎቻችን ሱቅ ዘግተን ማታ ነው ኮምፒዩተር የምንከፍተው፤ ኢንተርኔቱም በስልክ ዳታ ነው። የትርጉሙን ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መሥራትና በኋላ መልሶ መላክ እንደሚቻል አሳዩት።

አራተኛ፣ መልስ የሚሰጠው አንድ ሰው መድቡ። የመጀመሪያ ሥራውን ልኮ ለሳምንታት ዝም የተባለ ሰው ሁለተኛ አይልክም። ስሕተት ካለ ምክንያቱን አስረዱት፤ ዝም ብሎ ሠርዞ በራስ ቃል መተካት ልብ ይሰብራል። ከበረታ ቀጣዩን አዲስ ሰው እሱ ያስተምር።

አዲስ ገቢዎች ደግሞ ይህን እወቁ። ሥራው ደመወዝ የለውም፣ የመኖሪያ ፈቃድም አያስገኝም። ሆኖም የሠራችሁት በስማችሁ ስለሚመዘገብ ሥራ ስትፈልጉ ማሳየት ትችላላችሁ። በጎ ፈቃደኛ ለመሆን የመመዝገቢያ ገንዘብ አምጡ የሚላችሁ ካለ ተጠንቀቁ። በእንዲህ ያለ ሥራ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለዓለም ሁሉ የሚታይና ለዘለቄታው የሚቀር ስለሆነ የፈቃድ ወረቀታችሁን ቁጥር፣ የሱቃችሁን አድራሻና የስልክ ቁጥራችሁን እዚያ አታስፍሩ።

ደቦ የሚሰምረው አዲስ የመጣው ሰው የሚቆምበት ትልም ሲሰጠው ነው። ይህንንም ሥራ የሚያቆየው ለእንግዳው የሚደረግለት አቀባበል ነው።